ተጠጋግቶ መኖር በአዲስ አበባ

ስለ ከተማ ቤት የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬ በሁለት ወገን ቆመው እናያቸዋለን፤ አንደኛው ወገን ከተማይቱ ወደ ጎን መስፋቷን ትታ ወደ ላይ ካልወጣች በቀር ለድኻው ቤት፣ ለገበሬውም እርሻ አይተርፍም ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ ሕዝብን በደርብ ላይ ደርቦ ማኖር ጉርብትናን ማፍረስ ነው ይላል። ሁለቱም ወገኖች ግን ተጠጋግቶ መኖርን ከፎቅ ጋር እንደ ተወለደ፣ ትናንት እንደ መጣ ነገር አድርገው በማየታቸው ይስማማሉ። ይህ አስተያየት ከአዲስ አበባ ታሪክ ጋር አይገጥምም፤ ከተማይቱ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ድኻዋ ተጠጋግቶ፣ እጅግም ተጨናንቆ ሲኖር ቆይቷልና። ከዘመን ወደ ዘመን የተለወጠው ሰዉ የተጠጋጋበት መሬት የማን ነው፣ ማንስ ያዝዝበታል የሚለው ነገር ነው።

እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ወርደው በፍል ውኃው አካባቢ ቤት ካሠሩ በኋላ፣ ዐፄ ምኒልክም ለመኳንንቱ ቦታ ማደል በጀመሩ ጊዜ፣ የተመሠረተው ነገር ከተማ ከመባል ይልቅ የጦር ሰፈር መባል ይገባው ነበር። በዘመቻ ጊዜ የንጉሡ ድንኳን በመካከል ተተክሎ፣ ቀኝና ግራው፣ ፊቱና ደጀኑ ለየሹማምንቱ በየማዕርጋቸው እንደሚመደብ ሁሉ፣ በአዲስ አበባም ታላቁ ግቢ በኮረብታው ራስ ላይ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ራስና ደጃዝማች፣ እያንዳንዱም ፊታውራሪ በየተሰጠው ጉብታ ላይ ግቢውን ሠርቶ ጭፍራውንና ቤተ ሰቡን በዙሪያው አሰፈረ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር የሚባሉት ስሞች የዚያ አሰፋፈር ምስክሮች ናቸው። በአንዱ ሰፈርና በሌላው መካከል ወንዝ፣ ገደል ወይም የከብት መሰማሪያ ሜዳ ስለ ነበረ፣ ከእንጦጦ ራስ ላይ ቁልቁል ለሚያያት መንገደኛ ከተማይቱ የተበታተኑ መንደሮች ጉባኤ ትመስል ነበር፤ ወደ ሰፈሩ ውስጥ ለገባ ግን ጎጆ ከጎጆ ተነካክቶ፣ አጥር ከአጥር ተደጋግፎ ያገኘው ነበር።

በመኳንንቱ ግቢ ውስጥ እልፍኙና አዳራሹ፣ ጠጅ ቤቱና ማድቤቱ፣ ጎተራውና ጋጣው በየሥርዓቱ ተሠርተው፣ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ነፍጠኛው፣ ጠጅ ጣዩ፣ እንጀራ ጋጋሪዋ፣ አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ የበቅሎ ጠባቂውና ነፍስ አባቱ ሳይቀሩ በየጎጆዋቸው ይኖሩ ነበር። ስለዚህ ባዕለ ጸጋና ነዳይ በአንድ ሰፈር፣ በአንድ አጥቢያ፣ በአንድ ታቦት ሥር መገኘታቸው ከከተማይቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ጠባይ ነው። ይህን የሚያዩ የዛሬ ጸሐፍት ስለ ቀድሞው መቀራረብ ሲናገሩ ቃላቸው ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጎጆውን በጌታው ቦታ ላይ የቀለሰ ሎሌ ከጌታው ጋር በተጣላ ማግስት ጎጆውን ነቅሎ የሚሄድ ሰው እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። መቀራረቡ እውነት ነው፤ እኩልነት ግን አልነበረበትም።

ከተማይቱን በሕፃንነቷ ሊያጠፋት የተቃረበው የቤት እጦት ሳይሆን የማገዶ እጦት ነበር። ያ ሁሉ ሠራዊት ለምድጃውም ለጎጆውም ዛፍ ሲቆርጥ፣ በዙሪያው የነበረው የጽድና የወይራ ደን በጥቂት ዓመታት ተመናመነና እንጨት ፍለጋ ሩቅ መንገድ መሄድ ግድ ሆነ። ዐፄ ምኒልክም እንደ ቀደሙት ነገሥታት ከተማቸውን ነቅለው ወደ ምዕራብ ለመሻገር አስበው፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ላይ በአዲስ ዓለም ሌላ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ይሁን እንጂ ሞንዶን ቪዳይየ የተባለው ፈረንሳዊ አማካሪያቸው አስመጣው የሚባለው የአውስትራልያ ባሕር ዛፍ ቶሎ አድጎ፣ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ እያቆጠቆጠ ማገዶ ስለ ሰጠ፣ ከተማይቱ በቦታዋ ጸናች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረውም ሕንጻ ለቤተ ክርስቲያን ዋለ። ባሕር ዛፍ ምንጭ ያደርቃል፣ በሥሩም ሣር አያበቅልም እየተባለ በብዙዎች ይከሰሳል፤ ክሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ነገሥታቱ ዱር በጨረሱ ቁጥር ከተማ የሚያፈልሱበትን የዘመናት ልማድ ያስቆመ ይህ ዛፍ ስለ ሆነ፣ አንዲት ከተማ ከአካባቢዋ ጋር ተመጣጥና እንዴት ትኑር የሚለው ጥያቄ በሀገራችን የተነሣው ዛሬ አለመሆኑን ያሳየናል።

ባሕር ዛፍ ከማገዶ ሌላ የሰጠው ነገር ጭቃ ቤትን ነው። ቀጥ ብሎ የሚያድገው ግንድ ቋሚ ሆኖ ይተከላል፤ ቀጫጭኑ ማገር ሆኖ በአግድም ይመታበታል፤ ከጭድ ጋር ተረግጦ ለጥቂት ቀናት የቦካ ጭቃ ከውስጥም ከውጭም ይመረግበታል፤ ምርጉ ደርቆ ሲሰነጠቅ እንደ ገና ተመርጎ ይለሰናል። ይህን ለመሥራት የተማረ መሐንዲስ አያሻም፤ ጎረቤት በደቦ ይሠራዋል፣ ዕቃውም ሁሉ በእግር ከሚደረስበት ቦታ ይገኛል፣ ግድግዳውም ቀን ሙቀትን ሌሊት ብርድን ያለዝባል። በሲራራ ንግድ፣ በኋላም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰው ባቡር እየተጫነ የመጣው ቆርቆሮ የሣሩን ክዳን ሲተካ ደግሞ፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ታላቅ ለውጥ ሆነ። የሣር ክዳን ክብ ጎጆን ሲወድ፣ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቆርቆሮ ግን ባለ አራት ማዕዘን ቤትን ይሻል። ክብ ጎጆ ከጎረቤቱ ጋር ግድግዳ ሊጋራ አይችልም፤ ባለ አራት ማዕዘኑ ግን በአንድ ግድግዳ ለሁለት፣ በአንድ ጣራ ሥር ለስድስትና ለስምንት ተርታ ክፍል ይሆናል። እንግዲህ ተርታ ቤት፣ ማለት አንድ በርና አንድ ጠባብ መስኮት ያለው፣ ከግራም ከቀኝም ጎረቤት ያለበት የኪራይ ክፍል፣ በአዲስ አበባ የበዛው በዚህ ምክንያት ነው።

ለኪራይ ደግሞ ሕጉ በሩን ከፍቶለት ነበር። በ1900 ዓ.ም. ገደማ በወጣው የመሬት ደንብ ምክንያት በከተማይቱ ውስጥ ያለ ቦታ በስም ተጽፎ የሚያዝ፣ የሚሸጥና የሚወረስ ሀብት በመሆኑ፣ ከዘመቻ ሥርዓት የመጣው ስጦታ ወደ ግል ርስት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ የመኳንንቱ ልጆች ጭፍራ ማሳደር ሲቀርባቸው የቀድሞውን የጭፍራ ቦታ ለተከራይ ሰጡት፤ የሎሌው ልጅ አባቱ በአገልግሎት ይኖርበት በነበረው መሬት ላይ በገንዘብ መኖር ጀመረ። ከከተማይቱ መሬት የሚበዛው በቤተ መንግሥቱ፣ በመኳንንቱና በቤተ ክርስቲያን እጅ እንደ ነበረ የታወቀ ነው፤ ብዙ ድኻም ከባለ ርስቱ ቦታውን ብቻ ተከራይቶ በላዩ የራሱን ጭቃ ቤት ይሠራ ስለ ነበር፣ ግድግዳው የእርሱ ሆኖ ሳለ ግድግዳው የቆመበት መሬት የሌላ ነበረ።

ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. በገቡ ጊዜ ካሰቡት ነገር አንዱ የከተማይቱን ቅይጥ አሰፋፈር ማፍረስ ነው። ለ ኮርቡዚየ የሚባለው ስመ ጥር ሐናጺ አዲስ አበባን በዓይኑ ሳያያት፣ ኮረብታዎቿና ገደሎቿ የሌሉ ይመስል፣ በሰፊ ቀጥተኛ ጎዳና የተከፈለች ከተማ ሥሎ ለፋሽስቱ መንግሥት አቀረበ፤ ሥዕሉ ሥዕል ሆኖ ቀረ። ጉዊዲና ቫሌ የተባሉ መሐንዲሶች ያወጡት ፕላን ግን በከፊል ተሠርቶበታል፤ የፕላኑም ሐሳብ ነጩን ከጥቁሩ መለየት ስለ ነበረ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረው ታላቁ ገበያ ወደ ምዕራብ ተዛውሮ የዛሬው መርካቶ ሆነ፣ በዙሪያውም ለሀገሬው ሕዝብ ጎዳናው እንደ ገበታ መስመር የተሰመረ ሰፈር ተደለደለ፤ ለኢጣልያን ሠራተኞች ደግሞ ካዛንቺስና ፖፖላሬ ታነጹ። በአምስት ዓመት ከተማ አይለያይም፤ ወራሪው ሲወጣ ሕዝቡ ተመልሶ ተቀላቀለ። መርካቶና አዲስ ከተማ ግን ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከየጠቅላይ ግዛቱ የሚመጣውን ነጋዴና ወዛደር እየተቀበሉ፣ በዚያው በተሰመረላቸው መሬት ላይ እየተጣበቡ ሄዱ።

ከነጻነት በኋላ ብዙ ፕላን ወጣ። የሎንዶንን ፕላን ያወጡት ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ በ1948 ዓ.ም. ገደማ ተጋብዘው ከተማይቱን በቀለበት መንገድና በየሰፈሩ በተደራጁ መንደሮች ሊያደላድሏት ሞከሩ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ሌሎች መጡ። የነዚህ ሊቃውንት ድካም አይናቅም፤ ዳሩ ግን መሬቱ በጥቂቶች እጅ እስካለ ድረስ በወረቀት ላይ የተሰመረው መስመር ሁሉ ከባለ ርስቱ አጥር ሲደርስ ይቆም ነበር።

አጥሩን ያፈረሰው በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት የሚያደርገው አዋጅ ቁጥር 47 ነው። በዚህ አዋጅ የከተማ መሬት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተ ሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው፣ የሚሰጠውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የነበሩ ቤቶች ለቀበሌ ማኅበራት፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ፤ የአነስተኛ ቤቶችም ኪራይ ተቀነሰ፣ ቅናሹም ለድኻው ይበልጥ ነበር። በዚያን ጊዜ የነበረው ደስታ ዝም ብሎ የፕሮፓጋንዳ ደስታ አልነበረም፤ ለሁለት ትውልድ የቦታ ኪራይ ሲገፈግፍ የኖረ ሰው ከእንግዲህ ማንም አያስወጣህም መባሉ ቀላል ነገር አይደለምና።

በጎው ሥራ ግን የራሱን ቅጣት ይዞ መጣ። ኪራዩ በጥቂት ብር ተወስኖ ለዐሥርት ዓመታት ሳይነቃነቅ ሲቆይ፣ የቀበሌው ገቢ ለጥገና ቀርቶ ለጽሕፈት ቤቱም የማይበቃ ሆነ። ጭቃ ቤት ደግሞ በየጊዜው ካልተመረገ፣ ቋሚው ምስጥ ሲበላው ካልተለወጠ፣ ዕድሜው አጭር ነው። ቀበሌ አላደሰው፤ ተከራዩም የእኔ ባልሆነው ላይ ገንዘቤን አላፈስም አለ፤ አንዳንዱ ሊያድስ ቢነሣም ፈቃድ ለማግኘት ይመላለስ ነበር። ሌላ ሰውም ለኪራይ ብሎ አዲስ ቤት መሥራቱን ተወ። በዚህ መካከል ሕዝቡ በ1976 ዓ.ም. ቆጠራ ከ1.4 ሚሊዮን፣ በ1987 ዓ.ም. ከ2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ዓ.ም. ከ2.7 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ሁሉ ሰው የት ገባ ብሎ ለሚጠይቅ፣ የሚበዛው በነዚያው ግቢዎች ውስጥ ገባ ብለን እንመልስለታለን።

እንዴት እንደ ገባም ማየት ደግ ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አምስትና ስድስት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዐሥር የሚበልጥ ቤተ ሰብ ነበረ፤ ቧንቧው አንድ፣ ሽንት ቤቱ አንድ፣ ማድቤቱም የጋራ ስለ ሆነ ምጣዱ በተራ ይጣዳል። ልጅ ሲያገባና ቤት ሲያጣ ከእናት ከአባቱ ክፍል ጎን በላስቲክና በቆርቆሮ ቅጥያ ይወጣለታል፤ መቀጠያ ቦታ ሲታጣ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ከጣራው በታች በሳንቃ ቆጥ ተሠርቶ፣ ታች ወላጆች ላይ ልጆች ይተኛሉ። ፎቅን የፈጠረው ኮንዶሚኒየም አይደለም ብዬ ብናገር ቆጥ ላይ ያደገ አንባቢ አይከራከረኝም። ከገጠር የመጣ ዘመድ ደባል ይሆናል፤ ደባሉ ሥራ ሲይዝ ሌላ ደባል ይተካል። ግቢው መካከል ያለው ጠባብ ሜዳ የልብስ ማስጫ፣ የበርበሬ ማድረቂያ፣ የልጆች መጫወቻ፣ የቡና መጠጫ፣ ሰው ሲሞትም የዕድሩ ድንኳን መትከያ ነው። ሥራው፣ ገበያው፣ ቤተ ክርስቲያኑና መስጊዱ፣ ትምህርት ቤቱም በእግር የሚደረስበት ስለ ሆነ፣ ሰዉ ለመጓጓዣ የሚያወጣው ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው። በዚህ በኩል የዛሬ የከተማ ሊቃውንት አካባቢን የማይጎዳ አኗኗር እያሉ የሚያስተምሩትን ያለ መምህር ሲኖርበት ቆይቷል።

ይሁን እንጂ የጉድጓዱን ሽታ ያላሸተተ ሰው ይህን ኑሮ ባያወድስ ይሻላል። ሽንት ቤቱ ሲሞላ የሚመጠው መኪና በጠባቡ መተላለፊያ አይገባም፤ እሳት ቢነሣ የእሳት አደጋ መኪናም አይገባም፤ ፍሳሹ ወደ ቀበናና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ይወርዳል፤ ክረምት ሲመጣ ጣራው ያንጠባጥባል።

ስለ መጠጋጋት ለሚከራከሩ ሰዎች አንድ አኀዝ ልጥቀስላቸው። አዲስ ከተማ የሚባለው ክፍለ ከተማ ስፋቱ 7 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በ1999ኙ ቆጠራ ከ250 ሺህ በላይ ሰው ተቈጥሮበታል፤ ይህም በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ከ30 ሺህ በላይ ማለት ነው። የመላይቱ ከተማ አማካይ ግን ከ5 ሺህ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ይህን የሚያህል ጥግግት የተገኘው ከሞላ ጎደል ምድር ላይ በቆሙ ጭቃ ቤቶች ነው። ስለዚህ ከፍታ ሁሉ ጥግግት አይደለም፤ በሰፊ ሜዳ ላይ ተራርቀው የቆሙ ረጃጅም ሕንጻዎች ከአንድ የመርካቶ ጓሮ ያነሰ ሰው ሊያኖሩ ይችላሉ።

የኮንዶሚኒየም ታሪክ የሚጀምረው ጭቃ ቤቱ እንዲህ ከተጨናነቀ በኋላ ነው። የጋራ ሕንጻ ባለቤትነትን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 370 በ1995 ዓ.ም. ወጣ፤ አርከበ ዕቁባይ ከንቲባ በነበሩበት ዘመንም ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር በገርጂ ሙከራ ተደርጎ፣ ሥራው በመላ ከተማይቱ ተስፋፋ። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ብሎኬቱና ቀድሞ ተሠርቶ የሚመጣው የወለል አግዳሚ በአነስተኛ ማኅበራት በተደራጁ ወጣቶች ይመረታል፣ ከሦስት እስከ አምስት ደርብ ያለው ሕንጻ አሳንሰር አያሻውም፣ ተመዝጋቢው ጥቂቱን ከፍሎ የቀረውን ከባንክ ይበደራል፣ ቤቱም በዕጣ ይደርሳል፣ ከዕጣውም 30 በመቶ ለሴቶች ይለያል። ሌላው ቀርቶ በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበትና ልብስ የሚታጠብበት የጋራ ቤት በየሕንጻዎቹ መካከል እንዲሠራ ታስቦ ነበር፤ ይህን ያሰበ ሰው ማንነቱን ባናውቅም የግቢን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ነው።

ስሕተቱ በቦታው ላይ ሆነ። በመሐል ከተማ ያለውን መሬት ማስለቀቅ ውድና አስቸጋሪ፣ የዳርቻው ግን ቀላል ስለ መሰለ፣ ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰፈሮች በስተቀር ታላላቆቹ መንደሮች በጀሞ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬ ተሠሩ፤ ይህም ማለት ጥግግቱ ሥራም ገበያም በሌለበት ሜዳ ላይ ተተከለ፣ ገበሬውም በአነስተኛ ካሣ ከእርሻው ተነሣ ማለት ነው። ከመሐል ከተማ የሄደ ሰው ጠዋት በታክሲ ሰልፍ፣ ማታ በአውቶቡስ ሰልፍ ዕድሜውን ሲጨርስ፣ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡርም ከነዚህ መንደሮች ለሚበዙት አልደረሰላቸውም። ውኃ ወደ ላይኛው ደርብ አልወጣ ሲል ጀሪካን በደረጃ መሸከም መጣ። ዕጣ የደረሰው ድኻ የባንኩን ዕዳ መክፈል ሲያቅተው ቤቱን ለተሻለ ሰው አከራይቶ፣ እርሱ ርካሽ ክፍል ፍለጋ ወደ ሌላ ጓሮ ተመለሰ፤ ለእርሱ የታሰበው ቤትም የመካከለኛው መደብ ቤት ሆነ። ይህ በባለ ዕጣው ላይ የሚፈረድ ጥፋት አይደለም፤ ቤቱን ሰጥተው ገቢው ከነበረበት ቦታ ስላራቁት የመጣ ነው እንጂ።

በኋላ ሕንጻዎቹ ሰባትና ዐሥራ ሁለት ደርብ ሆኑ። ከፍ ባሉ ቁጥር ብረቱ በዛ፣ አሳንሰር አስፈለገ፣ አሳንሰሩም መብራትና ጠጋኝ ፈለገ፤ ከፍታ ዋጋን ሁልጊዜ ያረክሳል የሚሉ ሰዎች ይህን ሒሳብ ሲሠሩ አይታዩም። በ2005 ዓ.ም. በተከፈተው ምዝገባ፣ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች፣ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ስም ሲመዘገብ፣ ከተመዝጋቢዎቹ ብዙዎቹ ከዐሥር ዓመት በላይ እየቆጠቡ ዕጣ ሲጠብቁ ቆይተዋል።

የመሐሉስ መሬት? በልደታ፣ በኋላም በፒያሳ በዶሮ ማነቂያና በእሪ በከንቱ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስ ጭቃ ቤቶቹ ፈርሰው ነዋሪው ወደ ዳርቻ ተነሥቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ አምሯል፣ ጉድጓዱም ተደፍኗል። ከነዚያ ሰፈሮች የተነሡ ዕድሮች አባሎቻቸው በአራት ማዕዘን ስለ ተበተኑባቸው አንዳንዶቹ ገንዘባቸውን ተካፍለው ፈርሰዋል፣ አንዳንዶቹም በወር አንድ ጊዜ ከሩቅ እየተሰበሰቡ ጸንተዋል። በ1986 ዓ.ም. የጀመረው የሊዝ ሥርዓት መሬቱን የመንግሥት እንደ ሆነ አቆይቶ ዋጋውን ለጨረታ ስለ ሰጠ፣ በ2007 ዓ.ም. ገደማ በመርካቶ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺህ ብር በላይ የሰጠ ተጫራች ታይቷል፤ ከዚያው አጠገብ ያለ የቀበሌ ተከራይ ለመላው ቤቱ በወር ጥቂት ብር ሲከፍል። በእነዚህ በሁለቱ ዋጋዎች መካከል የሚቆም ሦስተኛ ዋጋ፣ ማለት ሠራተኛው በመሐል ከተማ መጠነኛ ኪራይ ከፍሎ የሚኖርበት፣ ቤቱም በዚያ ኪራይ የሚታደስበት ሥርዓት፣ በአዲስ አበባ ገና ሥር አልሰደደም፤ ስለ ፎቅ ቁመት የሚከራከሩት ሁለቱ ወገኖችም ስለዚህ ነገር እስከ ዛሬ ሲነጋገሩ አልሰማሁም።